ዕውቅናና ዝምድና፦ የተማሪ ማኅበራትና የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውዝግብ ከስድስት ኪሎ እስከ ሆሳዕና

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ በተማሪ ማኅበራትና በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር መካከል ያለውን ውጥረት ይመረምራል። አስተዳደሩ ዕውቅና የሚሰጠው ማኅበር ሌላ፣ ተማሪው ችግሩን የሚያዋየው ማኅበር ሌላ ሲሆን ውጥረቱ ሥር ይሰዳል የሚል መከራከሪያ ያቀርባል።

የችግሩ መነሻ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚማርበትን ግቢ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በምደባ ነው። የሐዲያዋ ጃጁራ ልጅ ጎንደር ሊደርሰው ይችላል፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ደግሞ ሆሳዕና፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ። ዩኒቨርሲቲው ዶርም፣ ካፌና መማሪያ ክፍል ያዘጋጃል፤ ዘመድ ግን አያዘጋጅም። ይህን ጉድለት የሚሞሉት የኦርቶዶክሳውያን ግቢ ጉባኤ፣ የወንጌላውያን ፌሎሺፕ፣ የሙስሊሞች ጀመዓና የአገር ልጆች ስብስቦች ናቸው። አዲስ ገቢውን መናኸሪያ ወጥተው ይቀበሉታል፤ ሻንጣውን ተሸክመው እስከ ዶርሙ ያደርሱታል። የከበደውን ትምህርት ያስጠኑታል፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወስዱታል፣ ሲመረቅም የራሳቸውን የምረቃ መርሐ ግብር ያዘጋጁለታል። አስተዳደሩ ዕውቅና የሚሰጠው የተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤትና ማኅተም አለው፤ እነዚህ ስብስቦች ያላቸው ግን የአባላቸው አመኔታ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) «አዞዎች» የተባሉ ጥቂት ተማሪዎች በኅቡዕ ተደራጅተው ይፋዊውን ማኅበር ከውስጥ ይመሩት ጀመር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የተካሄደው የ«መሬት ለአራሹ» ሰልፍ የዚህ ድርብ አደረጃጀት ውጤት ነበር። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ላይ ወታደሮች ተኮሱ። ማኅበሩ ቢታገድም እንቅስቃሴው ወደ ጥናት ክበቦችና በውጭ አገር ወደነበሩ ማኅበራት ተሻገረ። ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የግራ ፓርቲዎች አመራሮቻቸውን በብዛት ያገኙት ከዚሁ ትውልድ ነው።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነፃ ማኅበርና የተማሪዎች ጋዜጣ እንዲፈቀድ፣ ፖሊስም ከግቢ እንዲወጣ ጠየቁ። ጥያቄው የግቢ አስተዳደር ጉዳይ ነበር፤ መልሱ ግን የጸጥታ ሆነ። ሁከቱ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የሃይማኖት ማኅበራቱ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በካምፑ የጀመሩት የጸሎት ኅብረት ለኦርቶዶክሳዊው ማኅበረ ቅዱሳን መመሥረት አንዱ መነሻ ነበር። መንግሥት ወጣቶችን ለራሱ ዓላማ ሰበሰበ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ለራሳቸው ዓላማ ተሰባሰቡ።

ሕግና አጥር

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። አስተዳደሮች የሚደገፉት በሁለተኛው ሲሆን፣ ማኅበራት የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ነው። በግቢ ውስጥ የቡድን አምልኮ ሲከለከል መርሐ ግብሩ ከአጥር ውጭ ወዳሉ የእምነት ቦታዎች ይሄዳል። ሆሳዕና ላይ ይህ ቀላል ነው። የወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ወደ ሐዲያና ከምባታ የመጡት በ1920ዎቹ መባቻ ነው፤ ዛሬ አብያተ ክርስቲያናቱ በየሰፈሩ አሉ። ከሰሜን ለመጣው ኦርቶዶክሳዊም የከተማው ደብር በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ ክልከላው የስብሰባውን ቦታ ይለውጣል እንጂ ስብሰባውን አያስቀርም፤ አስተዳደሩም ከመሪዎቹ ጋር የሚነጋገርበትን ዕድል ያጣል። ግጭት ያሰጋ ዕለት ደግሞ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች «ልጆቹን አረጋጉልን» ተብለው ይጠራሉ።

የአስተዳደሩ ስጋት ግን መሠረት የለሽ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ተሰደዋል። የትውልድ አካባቢን መሠረት ያደረገ ስብስብ መጠለያ እንደሚሆን ሁሉ ለወሬና ለበቀል መሣሪያም ሊሆን ይችላል። ከአጥር ውጭ የተገፋ ስብስብ ደግሞ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ የሚያየውም የሚጠይቀውም የለምና።

የሌላ አገር ልምድ

በአሜሪካ የወንድማማች ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ቤትና ባለጠጋ የቀድሞ አባላት ስላሏቸው ዩኒቨርሲቲው በእጁ የሚቀረው ዋና መቅጫ ዕውቅናን መንፈግ ነው። ሃርቫርድ በ2016 እ.ኤ.አ. አንድን ጾታ ብቻ የሚቀበሉ ማኅበራት አባላት የተማሪ ክበባትንና የስፖርት ቡድኖችን እንዳይመሩ የሚያግድ ደንብ አወጣ፤ በፍርድ ቤት ሲሞገት ቆይቶ በ2020 ተወው። የኛዎቹ ማኅበራት ያን ያህል ሀብት የላቸውም፤ በአዲስ አበባም በሃርቫርድም የታየው ግን ተመሳሳይ ነው፦ አባልነትን መቅጣት መሰባሰብን አያስቀርም።

መደምደሚያ

አስተዳደሩ ሊቆጣጠር የሚገባው ድርጊትን እንጂ መሰባሰብን አይደለም። ማኅበራት በፈቃድ ሳይሆን በማሳወቅ ይመዝገቡ፤ ከአምልኮ ውጭ ለሆኑ ተግባራት፣ ለማስጠናትም ሆነ አዲስ ገቢን ለመቀበል፣ አዳራሽ በእኩልነት ይፈቀድላቸው፤ ዛቻ ወይም ጥቃት የፈጸመ ግለሰብ ይግባኝ ባለው የዲሲፕሊን ሥርዓት ይዳኝ። የተማሪዎች ኅብረት መሪዎችም በምሥጢር ድምፅ ይመረጡ። ይህ ሁሉ ቢደረግ እንኳ ዩኒቨርሲቲው በራሱ የማማከርና የአቀባበል አገልግሎት ካልበረታ ተማሪው የሚያስጠጋውን ሌላ ቦታ መፈለጉ አይቀርም። ማኅበራቱ የበረቱት አስተዳደሩ በተወው ሥራ ነውና፣ ውዝግቡን የሚያረግበው ያንን ሥራ ከእነሱ ጋር መካፈል ነው።