በራስ ኪስ የታተመ መጽሐፍ

የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጨረሰ ሰው ረቂቁን በብብቱ ሸጉጦ ከአሳታሚ አሳታሚ ሲንከራተት ከርሞ፣ አንድ ቀን «ለምን በራሴ ገንዘብ አላሳትመውም?» ማለቱ አይቀርም። በአገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕቁቡን ጥሎ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ያሳተመ ደራሲ ብዙ ነው። እኔም መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ረቂቅ አለኝ። ዕቁብም ደርሶኛል። ችግሩ፣ ያው ገንዘብ የቤት ኪራይም መሆኑ ነው። ለመሆኑ ከእኛ በፊት የነበሩት ምን አደረጉ?

ፈረንሳዊው ማርሴል ፕሩስት «የጠፋውን ጊዜ ፍለጋ» የተሰኘውን ታላቅ ሥራውን የመጀመሪያ ክፍል ይዞ እ.ኤ.አ. በ1912 አሳታሚ ፍለጋ ወጣ። ፋስኬል መለሰው። አንድሬ ዢድ የነበረበት የኑቬል ርቩ ፍራንሴዝ ቡድንም አልቀበልም አለው። የኦለንዶርፉ ኃላፊ ደግሞ፣ አንድ ሰው እንቅልፍ እስኪወስደው በአልጋው ላይ ሲገላበጥ ለማውራት ሠላሳ ገጽ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ሲል ጻፈ። በመጨረሻ ፕሩስት ወጪውን ራሱ ችሎ ከበርናር ግራሴ ጋር ተዋዋለ፤ መጽሐፉም በኅዳር 1913 ወጣ። ለእርማት የመጣለትን ገጽ እንደ አዲስ እየጻፈ ስላስቸገረ ተጨማሪ ሒሳብ ከፍሏል። ዋጋው ግን ከፍ እንዲል አልፈለገም፤ ብዙ ሰው ያንብበው ብሎ በ3 ፍራንክ ከ50 ሳንቲም እንዲሸጥ አደረገ። ከዓመታት በኋላ የተገኙ ደብዳቤዎቹ እንደሚያሳዩት፣ መጽሐፉን የሚያወድስ ጽሑፍ በጋዜጣ እንዲወጣለትም ከኪሱ ከፍሏል!

በጥር 1914 ዢድ ስሕተቱን አምኖ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈለት። ሁለተኛው ክፍል በ1919 በጋሊማር ታትሞ የጎንኩርን ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ «በል እንግዲህ አሳትም» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ነገር ግን ፕሩስት የሀብታም ልጅ ነበር፤ ገንዘቡ ቢቀልጥ እራቱን አያጣም። የሌለውስ?

የሌለው አሜሪካዊው ስቲቨን ክሬን ነው። በ1893፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ የኒውዮርክን ድሆች ሕይወት የሚያሳየውን «ማጊ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ጆንስተን ስሚዝ በሚል የብዕር ስም በራሱ ወጪ አሳተመ። 1,100 ያህል ቅጂ ታተመ፤ ገዢ ግን ጠፋ። ያልተሸጡትን አንዳንዶቹን ለሰው ሰጠ። ከተቀበሉት መካከል ደራሲዎቹ ሃምሊን ጋርላንድና ዊልያም ዲን ሃወልስ ይገኙበታል። ጋርላንድ በመጽሔት ጻፈለት፤ ሃወልስ አወደሰው። በ1895 ሌላው ልብ ወለዱ ዝናን ሲያተርፍለት፣ ያ የተናቀ «ማጊ» በማግስቱ ዓመት በአፕልተን አሳታሚነት እንደገና ወጣ። ክሬን በ1900 በ28 ዓመቱ ሞተ።

ከሁለቱ የተረዳሁት ይህን ነው። በራስ ገንዘብ ማሳተም ውርደት አይደለም፤ የመጽሐፉን ጥሩነትም አይመሰክርም። ማተሚያ ቤት ወረቀትን መጽሐፍ ያደርጋል እንጂ አንባቢ አይፈጥርም። አንባቢን ፕሩስት በርካሽ ዋጋ፣ ክሬን በስጦታ ፈለጉ። ታሪክ የሚያስታውሰው ደግሞ የተሳካላቸውን ነው፤ ቅጂያቸው አልጋ ሥር የቀረባቸውን የሚቆጥር የለም።

ስለዚህ እኔ ቆርጫለሁ። ኪራዩን አስቀድሜ እከፍላለሁ። ረቂቁን ዘመዴም ጓደኛዬም ላልሆኑ ሁለት ሰዎች አስነብባለሁ። ከዚያ በተረፈው ገንዘብ፣ ቢከስር ከማያስርበኝ ቁጥር ሳላልፍ አሳትማለሁ። ጥቂት ቅጂ ነው የሚሆነው። ለክሬንም የደረሱለት ሁለት አንባቢዎች ነበሩ።