ዘር ሳይዘራ የሚከፈል ገንዘብ፦ የእርሻ ማኅበርተኞች አጭር ታሪክ



በአገራችን ቡና አብቃይ አካባቢዎች ገበሬው ሲቸግረው ቡናውን ገና በአበባው ሳለ ይሸጥ እንደነበረ ከመካከላችን የዚያ አገር ልጆች የሆኑ በሚገባ ያውቁታል። ነጋዴው፣ የቤቱ እህል ባለቀበት ክፉ ወር ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ቡናው ሲደርስም በገበያው ዋጋ ሳይሆን አስቀድሞ በተቆረጠው ርካሽ ዋጋ ይረከበዋል። ዝናብ ቢጠፋ ወይም በሽታ ቢገባበት ዕዳው የገበሬው ነው። በቅድሚያ የሚሰጥ ገንዘብ እንግዲህ የገበሬ ማነቂያ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ሌላውን ዓይነት ነው፤ ተመጋቢው ዘር ሳይዘራ ገንዘቡን ከፍሎ፣ በረዶ ቢጥልም ድርቅ ቢመጣም ጉዳቱን ከገበሬው ጋር አብሮ የሚሸከምበትን ሥርዓት።

አሜሪካኖች ሲ.ኤስ.ኤ. ይሉታል፤ በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻ እንደ ማለት ነው። «የገበሬ ማኅበር» ብንለው ያጥር ነበር፤ ሆኖም ያ ስም በደርግ ዘመን ሌላ ሥራ ስለሠራ ትተነዋል። በዚህ ጽሑፍ «የእርሻ ማኅበር»፣ አባሉንም «ማኅበርተኛ» እንላለን። አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬው የዓመቱን ወጪ፣ ማለትም ዘሩን፣ ፍጉን፣ ነዳጁን፣ የሠራተኛውን ደመወዝና የራሱን ኑሮ ይደምራል፤ ድምሩንም በድርሻ ይከፋፍላል። ማኅበርተኛው በየካቲት ወይም በመጋቢት ይከፍላል። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ መሬቱ የሰጠውን በየሳምንቱ ይወስዳል። ብዙ ከሰጠ ብዙ፣ ጥቂት ከሰጠ ጥቂት።

ይህን ርዕስ ለ10ኛ ዓመት መጽሔታችን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባሎቻችን ጥቂት ቤተሰቦች ላለፉት ዓመታት በዚህ በኒው ኢንግላንድ ከሚገኙ እርሻዎች ድርሻ ሲገዙ ቆይተዋል፤ አሁን ደግሞ አዳራሻችን የአትክልቱ መረከቢያ እንዲሆን ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ ቀርቧል። እጅ ከማውጣታችን በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን ከጃፓን ይጀምራሉ። እርግጥ ነው፣ ጃፓኖች ቀድመዋል። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ በፋብሪካ ስትከብር ውኃውና አፈሩ ተመረዘ፤ በሚናማታ ከተማ ከፋብሪካ በወጣ ሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ የበሉ ሰዎች መታመማቸው በ1956 በይፋ ታወቀ። እናቶች ለልጆቻቸው የሚያቀርቡትን ምግብ መጠራጠር ጀመሩ። በ1965 በቶኪዮ ሴታጋያ በሚባለው ሰፈር 200 ያህል ሴቶች ተሰባስበው 300 ጠርሙስ ወተት በጅምላ ገዙ፤ ከዚህም ሴይካትሱ ክለብ የሚባለው ታላቅ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተወለደ። በ1971 ደግሞ ቴሩኦ ኢቺራኩ የተባሉት የኅብረት ሥራ መሪ ከሌሎች ጋር ሆነው የጃፓን ኦርጋኒክ እርሻ ማኅበርን አቋቋሙ። ገበሬና ተመጋቢ መካከለኛ ነጋዴ ሳይኖር የሚገናኙበትን አሠራር «ቴይኬይ» ብለው ጠሩት። የምዕራብ አገር ጸሐፊዎች ቃሉን «የገበሬው ፊት የሚታይበት ምግብ» እያሉ ይተረጉሙታል። ያማረ ትርጉም ነው፤ ነገር ግን የቃሉ ፍች እጅ ለእጅ ተያይዞ መተባበር እንጂ ስለ ፊት የሚናገር አይደለም። ማኅበሩ በ1978 ካወጣቸው 10 መመሪያዎች አንዱ ተመጋቢው ገበሬው ያመጣለትን ሁሉ ይረከብ የሚል ነው። ያማረውን መርጦ የጎበጠውን ካሮት መተው የለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ወደ አሜሪካ የመጣው በጃፓን በኩል አልነበረም። በ1978 በስዊዘርላንድ በጄኔቫ ከተማ «ሌ ዣርዳን ደ ኮካኝ» የተባለ የአትክልት ማኅበር ተመሠረተ፤ ማኅበርተኞቹ ከመክፈል አልፈው በዓመት ጥቂት ግማሽ ቀናት ማሳ ላይ ወርደው ይሠራሉ። በዙሪክ አጠገብም ተመሳሳይ እርሻ ተቋቋመ። እዚያ የሠሩት አሜሪካዊው ያን ቫንደር ቱይን ሐሳቡን ይዘው ወደ ማሳቹሴትስ መጡ። በግዛቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ሳውዝ ኤግርሞንት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወይዘሮ ሮቢን ቫን ኤን የሚባሉ ሴት ኢንዲያን ላይን የተባለ እርሻ ነበራቸው። ሁለቱና ጥቂት ጎረቤቶቻቸው በ1985 መኸር በፖም ጀመሩ። በፖም መጀመራቸው ብልኅነት ነበር፤ ዛፉ ቀድሞ የቆመ ስለሆነ የሚያስፈራው ጥቂት ነው። 30 ያህል ቤተሰቦች የፖም ድርሻ ገዙ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1986፣ ወደ አትክልት ተሻገሩ። በ4 ዓመት ውስጥ የማኅበርተኞቹ ቁጥር ወደ 150 አደገ።

በዚያው በ1986 በኒው ሃምፕሸር ቴምፕልና ዊልተን በሚባሉት ከተሞች ሌላ የእርሻ ማኅበር ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ትራውገር ግሮ፣ በሰሜን ጀርመን ቡሽበርግሆፍ የሚባለውን እርሻ ከጓደኞቻቸው ጋር ከግል ንብረትነት አውጥተው ለበጎ አድራጎት ድርጅት ካዛወሩት ገበሬዎች መካከል ነበሩ። ከሊንከን ጋይገርና ከአንቶኒ ግራሃም ጋር ያቆሙት የቴምፕል ዊልተን እርሻ ለድርሻ የተወሰነ ዋጋ አላወጣም። በየዓመቱ ገበሬዎቹ የወጪውን ዝርዝር ይዘው በማኅበርተኞች ስብሰባ ፊት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብም አቅሙ የፈቀደውን ያህል ቃል ይገባል። ቃል የተገባው ተደምሮ ከወጪው ካነሰ እንደገና ይዞራል፤ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት ይወስዳል። ለጽሑፍ ሲሉ የፈጠሩት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኛን ግን ብዙ ሊያስደንቀን አይገባም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ ለመስጊድ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ሲሰበሰብ አንዱ 1,000፣ አንዱ 50 እያለ ቃል ሲገባ፣ ሲጎድል መድረክ መሪው እንደገና ሲለምን ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

ከእነዚህ ሁሉ በፊት በአላባማ ስለነበሩ አንድ ጥቁር ፕሮፌሰር ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ አለመነገሩም ትክክል አይደለም እንላለን። ዶክተር ቡከር ዋትሊ በ1915 በአኒስተን ከተማ የተወለዱ፣ በተስኪጊ ዩኒቨርሲቲ የአትክልትና ፍራፍሬ ሊቅ የነበሩ፣ አዳዲስ የስኳር ድንችና የወይን ዝርያዎችን ያወጡ ሰው ናቸው። በ1920 በአሜሪካ 925,000 ያህል ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ በ1982 የቀሩት 33,000 ያህል ብቻ ናቸው። መሬታቸውን ካሳጧቸው ነገሮች አንዱ የብድር እጦት ነው። ነጩ ገበሬ በመጋቢት ያገኘው የዘር ብድር ለጥቁሩ ተከልክሎ ወይም ዘግይቶ፣ ዘር የሚዘራበት ወቅት ካለፈ በኋላ ይደርሰዋል። ስለዚህም አድልዎ ገበሬዎቹ መንግሥትን ከስሰው በ1999 ታላቅ የካሣ ስምምነት በፍርድ ቤት ጸድቋል። ዋትሊ ለዚህ ገበሬ የመከሩት ምን ነበር? 25 ኤከር ይበቃሃል፤ አንድ ሰብል ብቻ አትዝራ፤ ከከተማ 1,000 ያህል ቤተሰብ በማኅበር አደራጅ፤ በዓመቱ መጀመሪያ መዋጮ ይክፈሉህ፤ ከዚያም እየመጡ ራሳቸው ይልቀሙ። ምክራቸው በ1987 በመጽሐፍ ወጥቷል። ባንክ የነፈገውን የመጋቢት ገንዘብ ከበላተኛው ማግኘት ማለት ነው። አሠራሩ ከማሳቹሴትሱ ይለያል፤ የዋትሊ ማኅበርተኛ ዋጋ ይቀነስለታል እንጂ የገበሬውን ጉዳት ለመካፈል ቃል አይገባም። ቢሆንም ቁም ነገሩን፣ ገንዘቡ መድረስ ያለበት መቼ እንደሆነ፣ ከማንም በፊት የተረዱት እርሳቸው ይመስሉናል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተስፋፋ። ሮቢን ቫን ኤን በ1992 ለመላው ሰሜን አሜሪካ የእርሻ ማኅበራት መረጃ የሚያቀብል ድርጅት አቋቁመው ከቦታ ቦታ እየዞሩ አስተማሩ፤ በ1997 ገና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ በአስም ሕመም አረፉ። የኦርጋኒክ ምርት ብሔራዊ ደንብ በ2002 ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ትናንሽ እርሻዎች የምስክር ወረቀቱን ወጪና የወረቀት ሥራ ሸሹት፤ ማኅበርተኛው ማሳውን በዓይኑ ስለሚያይ ማኅተም አላስፈለገንም የሚሉ ነበሩ። በ2001 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ያዩትን ወደ አገራቸው የወሰዱ ቩዮን የሚባሉ ገበሬ ባልና ሚስት በደቡብ ፈረንሳይ የመጀመሪያውን የእርሻ ማኅበር አቋቋሙ። በ2012 የአሜሪካ የእርሻ ቆጠራ 12,617 እርሻዎች በዚህ መንገድ እንሸጣለን ብለው ተመዘገቡ።

ሆኖም በ2015 የተደረገ ሌላ ጥናት ያገኘው 7,398 ብቻ ነው። የአቆጣጠሩ ዘዴ ስለሚለያይ ሁለቱን አሃዝ በቀጥታ ማወዳደር ባይገባም፣ መዳከም እንደነበረ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጋዴዎች ከዚህም ከዚያም አትክልት ሰብስበው፣ በሳጥን አሽገው፣ በስልክ እየታዘዙ በር ድረስ ማድረስ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም እርሻ ሳይኖራቸው ስሙን ተጠቀሙበት። ካሊፎርኒያ ስሙን ለእውነተኛ እርሻ ብቻ የሚፈቅድ ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች፤ ሕጉ በ2014 ሥራ ላይ ውሏል። በኮቪድ ዘመን፣ በ2020፣ የሱቅ መደርደሪያ ሲራቆት ሰዉ እንደገና ወደ እርሻዎቹ ጎረፈ፤ ብዙዎቹ ድርሻቸውን ሸጠው ጨርሰው ተጠባባቂ እስከመመዝገብ ደረሱ።

የሳጥን ነጋዴውና የእርሻ ማኅበሩ ልዩነት የሚታየው በክፉ ቀን ነው። ኦገስት 28 ቀን 2011 አይሪን የተባለው ማዕበል ቬርሞንትን ሲመታ የዊኑስኪ ወንዝ ሞልቶ በበርሊንግተን ከተማ ኢንተርቬል የሚባለውን ለም ሜዳ አጥለቀለቀ። እዚያ የሚገኘው የኢንተርቬል የእርሻ ማኅበር በማኅበርተኞቹ ባለቤትነት የሚተዳደር ነው። የጎርፍ ውኃ የነካው አትክልት ለሰው ምግብነት እንዳይሸጥ ደንቡ ይከለክላል፤ ስለዚህ በአዝመራው ማሟያ ሰዓት፣ ዓይን እያየ፣ ሰብሉ ከመሬቱ ጋር ተገለበጠ። በ2023 ጎርፉ እንደገና መጣ። እንዲህ ባለው ጊዜ ለነጋዴ የሚያቀርብ ገበሬ ያላስረከበው አይከፈለውም። የእርሻ ማኅበር ገበሬ ግን ገንዘቡን በመጋቢት ተቀብሎ ዘሩን ገዝቷል፣ ለሠራተኛው ከፍሏል፤ የማኅበርተኛው ቅርጫት ይጎድላል እንጂ እርሻው አይዘጋም። የቡናውን ነጋዴ ውል ገልብጦ ማየት ነው።

ስለ መሬትም አንድ ነገር እንጨምር፤ በወጣትነታችን «መሬት ለአራሹ» እያልን አስፋልት ላይ የሮጥን ጥቂቶች አለንና። ወይዘሮ ቫን ኤን ሲያርፉ ኢንዲያን ላይን ለቪላ ሠሪ እንዳይሸጥ ተፈራ። በ1999 የአካባቢው የጋራ መሬት አደራ ማኅበር ከአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅትና ከሁለት ወጣት ገበሬዎች ጋር ሆኖ ገዛው። መሬቱ የአደራ ማኅበሩ፣ ቤቱና ጎተራው የገበሬዎቹ ሆነ፤ መሬቱንም በ99 ዓመት ኪራይ ያዙት።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ከቅርጫቱ ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ዝኩኒው በሐምሌ ከመብዛቱ የተነሣ ጎረቤት መሸሽ ይጀምራል። ኮልራቢ የሚባለውን፣ ድንች ይሁን ጎመን ያልለየለትን ነገር፣ እናቶቻችን እንደ ድንች ከትፈው በአልጫ ሠርተው አስረስተውናል። ጎመኑ ውርጭ ከነካው በኋላ ይጣፍጣል፤ የጥቅምቱን ድርሻ እንዳትተዉ። ጾም ለሚጾሙት ግን የዚህ አገር ወቅት ግማሽ በግማሽ ነው የሚተባበረው፤ ፍልሰታ አዝመራው ከሞላበት ነሐሴ ላይ ሲውል፣ ሁዳዴ የሚገባው ማሳው በበረዶ በተሸፈነበት ጊዜ ነው። ጤፍ ከቅርጫቱ አይገኝም። እርሱን በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ በጤና ሥራ ላይ የቆዩት ዋይን ካርልሰን አይዳሆ ውስጥ መዝራት የጀመሩት የእኛን ሰው እንጀራ ፈላጊነት ተማምነው ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ትልቁ እንቅፋት በመጋቢት የሚጠየቀው ብዙ መቶ ዶላር ነው። የ2014ቱ የእርሻ ሕግ በፉድ ስታምፕ ድርሻ መግዛትን ፈቅዷል፤ ሆኖም ክፍያው ከመረከቢያው ቀን ከ14 ቀን በፊት መሆን አይችልም፤ ይህም ለገበሬው የዘር ገንዘብ አይሆነውም። ከአባሎቻችን ሰባት ቤተሰቦች መላ ዘይደዋል። በመስከረም ዕቁብ ይጀምሩና በየወሩ የሚሰበሰበውን ለማንም ሳያወጡ፣ ዕጣም ሳይጥሉ፣ በመጋቢት ለገበሬው ያስረክባሉ። ዳኛዋ እንደሚሉት ዕጣው ለሁሉም በአንድ ቀን የሚወጣበት ዕቁብ ይኸው ነው። በጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ ይህን ዕቁብ ለሁሉም አባል መክፈትን ይጨምራል፤ መዝገቡ ከጸሐፊያችን ዘንድ ይገኛል።