ኦስቲን ሰቨን፤ ከቤተ ሰብ መኪና ወደ እሽቅድምድም ሜዳ

የአውቶሞቢል እሽቅድምድም በተነሣ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ ወዲያው ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች፤ ወደ ብዙ ገንዘብና ወደ ታወቁ ነጂዎች ይሄዳል። ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር ግን ዛሬ ስማቸው በዓለም ከተሰማው የእሽቅድምድም ድርጅቶች መካከል አንዳንዶቹ የተጀመሩት በጓሮ ጋራዥ ውስጥ፤ በአንዲት አሮጌና ርካሽ መኪና ላይ፤ ገንዘብ በሌላቸው ወጣቶች እጅ ነው። ያችም መኪና ኦስቲን ሰቨን ትባላለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእርስዋን ታሪክ ባጭሩ መግለጥና ከታሪኳ የሚገኘውን ትምህርት ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተ ሰብ መኪና ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ባልና ሚስት ከነልጃቸው ይጓዙ የነበረው ከጐኑ ተቀጥላ መቀመጫ ባለው ሞተር ብስክሌት ነው፤ ዝናብ ሲመጣም ይበሰብሱ ነበር። በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ በሎንግብሪጅ ታላቅ ፋብሪካ የነበራቸው ሰር ኸርበርት ኦስቲን ይህን ተመልክተው በሞተር ብስክሌቱ ፈንታ የምትተካ ትንሽ መኪና ለመሥራት አሰቡ። የፋብሪካው ሹማምንት በአሳቡ ስላልተስማሙ፤ ሰር ኸርበርት ስታንሊ ኤጅ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ንድፍ አንሺ ወደ መኖሪያ ቤታቸው ወስደው በቢልያርድ መጫወቻው ክፍል ውስጥ ሥራውን አስጀመሩት። መኪናዋም በ1922 ለሕዝብ ታየች። ሞተሯ 4 ሲሊንደር ያለው ሲሆን መጠኑ በመጀመሪያ 696፤ ከ1923 ጀምሮ ደግሞ 747 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ነበር። ጕልበቷ ከ10 የፈረስ ጕልበት እምብዛም አይበልጥም፤ ክብደቷም 360 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። እስከ 1939 ድረስ ወደ 290,000 የሚጠጉ ተሠርተው ተሸጡ። በጀርመን አገርም ዲክሲ በሚል ስም በፈቃድ ትሠራ ስለ ነበር፤ ቢ ኤም ደብልዩ በ1928 የዲክሲን ፋብሪካ ሲገዛ የመጀመሪያ መኪናው ይህችው የኦስቲን ልጅ ሆነች።

የመኪናዋ አሠራር ውስብስብ አልነበረም። ሻንሲዋ ከፊት የጠበበ፤ ከኋላ የሰፋ ሆኖ ከቀጫጭን ብረቶች የተሠራ ነው። ከፊት አንዲት አግድም ባሌስትራ፤ ከኋላ ሁለት አጫጭር ባሌስትራዎች ይሸከሟታል። ፍሬኗ የሚሠራው በሽቦ ገመድ ነበር፤ እስከ 1930 ድረስም የእግሩ ፍሬን የኋላዎቹን ጎማዎች ብቻ፤ የእጁ ፍሬን ደግሞ የፊተኞቹን ብቻ ይይዝ ነበር። ይህ ሁሉ ጉድለት ነው ቢባልም፤ ጥቂት መፍቻዎች ያሉት ማንም ሰው ሊፈታትና መልሶ ሊገጥማት መቻሉ ታላቅ ጥቅም ሆነ። ፋብሪካው ራሱ በ1929 በሰሜን አየርላንድ ከተደረገው እሽቅድምድም በኋላ አልስተር የምትባል ዝቅ ያለች የእሽቅድምድም ዓይነት ለሽያጭ አወጣ።

በ1939 የእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች በእንግሊዝ አገር አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ በሞተሩ መጠን ምክንያት ስሙን 750 ሞተር ክለብ አሉት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ቤንዚን በራሽን ይታደል ነበር፤ አዲስ መኪና ማግኘትም ጭንቅ ነበር። አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ግን በየመንደሩ ወድቃ በጥቂት ገንዘብ ትገኝ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ 750 ፎርሙላ የሚባል የውድድር ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት የመኪናው መነሻ የኦስቲን ሰቨን ሻንሲና ሞተር ሲሆን፤ ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛው ነገር ለሠሪው ብልኀት የተተወ ነበር። ባለጸጋው ትልቅ ሞተር ገዝቶ ድኻውን እንዳይቀድም መንገዱ ተዘጋ፤ የሚያሸንፈውም በአእምሮውና በእጁ የሚሠራው ሆነ።

እንግዲህ ሞተሩ አንድ ከሆነ ብልጫ የሚገኘው ከወዴት ነው? መልሱ በፊዚክስ ትምህርት የተማርነው የኒውተን ሕግ ነው። ለምሳሌ ከነነጂዋ 420 ኪሎ ከምትመዝን መኪና 70 ኪሎ ቢቀነስ 350 ኪሎ ይቀራል። የሚገፋት ኃይል ሳይለወጥ የፍጥነቷ ጭማሪ ከመቶ 20 እጅ ከፍ ይላል። የሞተር ጕልበት የሚጠቅመው ለመሮጥ ብቻ ሲሆን፤ የክብደት መቀነስ ግን ለመሮጥም፤ ለማቆምም፤ ለመታጠፍም ይጠቅማል።

በዚህም ምክንያት ሠሪዎቹ ከሁሉ በፊት የመኪናዋን አካል ገፈው ያወጣሉ። ፓራፋንጎው፤ በሩ፤ ከባዱ መቀመጫ ሁሉ ይወገድና በቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ይተካል። ቀጥሎ ሻንሲውን ያጠነክራሉ፤ ባንድ በኩል ክፍት በሆነው ብረት ላይ ላሜራ በመበየድ እንደ ሣጥን ይዘጉታል፤ ክብደት ሳይበዛ እንዳይጣመም ይሆናል። ባሌስትራዎቹን አስተኝተው መኪናዋን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጓታል። ከዚያም ወደ ሞተሩ ይመጣሉ። ቴስታታውን ጥቂት ልጠው የሲሊንደሩን እምቅታ ይጨምራሉ፤ የቫልቮቹን ሞላ በጠንካራ ይለውጣሉ፤ ቮላኖ የሚባለውን ከባድ መንኰራኵር በቶርኖ ላይ አስገብተው ያቀሉታል፤ የተሻለ ካርቡራቶርም ይገጥማሉ።

በዚህ ሥራ ከታወቁት ሁሉ የላቀው ኮሊን ቻፕማን ነው። ቻፕማን በ1928 ተወልዶ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሕንድስና ይማር ነበር። ለትምህርቱ ጐን ለጐን አሮጌ መኪናዎች እየገዛ ይሸጥ ነበር፤ ነገር ግን በ1947 መጨረሻ መንግሥት ለግል መኪና የሚሰጠውን የቤንዚን ራሽን ሲያቋርጥ ገበያው ወደቀ። ሳይሸጥ የቀረው አንድ አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ነበር። በ1948 በሰሜን ለንደን፤ በኋላ ሚስቱ በሆነችው በሄዝል ዊልያምስ ወላጆች ቤት ጓሮ በነበረ ጋራዥ ውስጥ መኪናውን ፈታትቶ ሻንሲውን አጠነከረ፤ በላዩም እንደ አውሮፕላን አሠራር ከቀጭን ኮምፔርሳቶና ከአሉሚኒየም አዲስ አካል ሠራ። ይህም የሎተስ መኪናዎች ሁሉ በኵር ነው። ጭቃማ አቀበት ሳይቆሙ በመውጣት በሚደረገው ውድድርም ገባበት።

በ1951 ለ750 ፎርሙላ የሠራት ሦስተኛዋ መኪና ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ነበረች። በኦስቲን ሞተር ላይ አራቱ ሲሊንደሮች የሚተነፍሱት በሁለት መግቢያዎች ብቻ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ በር ስለሚጋሩ አንዱ የሌላውን ድርሻ ይወስድበታል። ቻፕማን በመግቢያዎቹ መካከል ግድግዳ አበጅቶ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን መንገድ ሰጠው። መኪናዋም ሌሎቹን እጅግ ስለ ቀደመች ማኅበሩ ደንቡን ለውጦ ዘዴውን ለወደፊቱ ከለከለ። በ1952 ቻፕማን ሎተስ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ፤ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ሎተስ ስድስትን አወጣ፤ በ1957ም ሎተስ ሰባት ተከተለ። ይህን መኪና ከ1973 ጀምሮ ኬተርሃም የተባለ ድርጅት ተረክቦ እስከ ዛሬ ይሠራዋል።

እስከዚህ የተነገረው የመለወጡ ሥራ ነው። መለወጥ ግን የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው፤ ሌላው እኩሌታ መጠበቅ ነው። አንድ ዕቃ ከባድ ሲሆን ከሚያስፈልገው በላይ ብርታት ስላለው ቸልተኝነትን ይታገሣል፤ የቀለለ ዕቃ ግን አይታገሥም። የኦስቲን ሰቨን ሞተር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ ከፊትና ከኋላ በኩሽኔታ ከመያዙ በቀር መካከሉ ደጋፊ የለውም። ሞተሩ ፋብሪካው ካሰበው በላይ ሲሽከረከር ዘንጉ ይለመጣል፤ ሲውል ሲያድርም ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። ዘይት የሚደርሰውም ከሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደሚዞረው ዘንግ ቀዳዳ እየተረጨ ነው። አንዲት ቅንጣት እድፍ ያችን ቧንቧ ከዘጋች ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት በየጊዜው የቧንቧዎቹን ክዳን ፈትቶ በቀጭን ሽቦ ያጸዳቸው ነበር።

ስንጥቅን ለማግኘትም ድኻ ሠራተኛ የሚችለው ዘዴ ነበረ። ብረቱን አጽድቶ በቀጭን ዘይት ይነክረዋል፤ ከዚያ ደኅና አድርጎ ይወለውለውና የተፈጨ ጠመኔ ይቀባዋል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ዘይት ወጥቶ በነጩ ጠመኔ ላይ ጥቍር መስመር ያሰምራል። የፍሬኑን ገመድ እኩል ማሳብ፤ ዳዶዎችን አጥብቆ እንዳይፈቱ በሽቦ ማሰር፤ የመሪውን መጋጠሚያዎች ግራሶ መቀባትና መፈተሽ፤ ይህ ሁሉ ከያንዳንዱ ውድድር በፊትና በኋላ የሚሠራ ሥራ ነበር። በዚህ ሥራ ጭብጨባ አይገኝም፤ ነገር ግን ያለዚህ ሥራ የሚጨበጨብለት ነጂ ወደ ቤቱ አይመለስም።

በዚያው ዘመን በኒው ዚላንድ አገር በኦክላንድ ከተማ ብሩስ ማክላረን የተባለ ልጅ ነበር። በሕፃንነቱ የዳሌው አጥንት ታሞ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ስለ ነበር አንዱ እግሩ አጥሮ ቀረ። አባቱ የቤንዚን ማደያና ጋራዥ ነበራቸው፤ አባትና ልጅ አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን አልስተር አድሰው ብሩስ በ1952 ገና ለጋ ወጣት ሳለ በሙሪዋይ በተደረገ የአቀበት ውድድር ነዳት። ይህ ልጅ በ1963 በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1968ም ራሱ ባሠራው መኪና የቤልጅግን ግራን ፕሪ አሸነፈ።

አሁን የታሪኩን መራራ ክፍል መናገር ያስፈልጋል። ሰኔ 2 ቀን 1970 ማክላረን በእንግሊዝ አገር በጉድዉድ ሜዳ አዲስ መኪና ሲሞክር፤ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ የኋላው የአካል ክዳን ተገንጥሎ መኪናው ከመንገድ ወጣ፤ እሱም ሞተ። መስከረም 5 ቀን 1970 ደግሞ ዮኸን ሪንት የተባለው ኦስትሪያዊ በሎተስ 72 በሞንዛ ሲለማመድ ሞተ። በዚያ መኪና የጎማው ክብደት እንዲቀንስ ፍሬኑ ከጎማው ርቆ በመኪናው አካል ላይ ተተክሎ በዘንግ ይገናኝ ነበር። ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ የአንደኛው የፊት ፍሬን ዘንግ ተሰብሮ ተገኘ፤ በሜዳው ዳር የነበረው የብረት አጥር በሚገባ አለመተከሉም ለሞቱ ምክንያት ሆነ። ሪንት ያስመዘገበውን ነጥብ ማንም ስላልደረሰበት የዓለም ሻምፒዮንነት ከሞተ በኋላ ተሰጠው። ሎተስ በቻፕማን ዘመን የሠሪዎችን የዓለም ሻምፒዮንነት 7 ጊዜ አግኝቷል፤ ቻፕማንም በ1982 አረፈ። የድሉ ቍጥር ሲነገር የሞቱትም አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፤ ብዙ ገንዘብ የሌለው ወጣት ያለውን ዕቃ በሚገባ ካወቀና የተማረውን ሕግ በሥራ ላይ ካዋለ፤ ከባለጸጋው ጋራ ሊወዳደር መቻሉ ነው። ስታንሊ ኤጅ መኪናዋን ሲነድፍ፤ ቻፕማንም አሮጌዋን ሲለውጥ፤ ሁለቱም ከእኛ ዕድሜ እምብዛም አይርቁም ነበር። ሁለተኛው፤ ከአንድ ዕቃ ላይ ክብደት የሚቀንስ ሰው የቀነሰውን ያህል ጥንቃቄ የመጨመር ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። የ750 ሞተር ክለብ አባሎች ዛሬም ድረስ ይወዳደራሉ፤ ከውድድሩም በፊት እያንዳንዱ መኪና በመርማሪዎች ፊት ቀርቦ ይፈተሻል። ነገ መሐንዲስም ሆነ ሜካኒክ ለመሆን የምንመኝ ሁሉ ፍጥነትን የምንወደውን ያህል ፍተሻውንም እንድንወድ ይገባል፤ በምንሠራው ዕቃ ላይ ተማምኖ የሚቀመጠው የሰው ነፍስ ነውና።