የአዋሽ ሸለቆ ሁለት ካርታዎች

የተፈጥሮን ሀብት እንዳለ ጠብቆ ለትውልድ ማቆየት ይሻላልን? ወይስ ለዛሬው ሕዝብ ጥቅም ማዋል? ይህ ክርክር በብዙ አገሮች የቆየ ነው። አንደኛው ወገን ወንዙ እንደ ፈሰሰ፣ ዱሩ እንደ ቆመ፣ አራዊቱም እንደ ተሰማሩ ይኑሩ ሲል፣ ሌላው ወገን ያልተገደበ ወንዝ በከንቱ የሚባክን ሀብት ነው ይላል። ሁለቱም በአገር ስም ይናገራሉ፤ ሁለቱም የነገውን ትውልድ ለምስክርነት ይጠራሉ።

በእኛ አገር ይህ ክርክር ጎልቶ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ የአዋሽ ሸለቆ፣ በተለይም የፈንታሌና የመተሐራ አካባቢ ነው። በዚያ ሥፍራ ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ድረስ የተፈጸመውን መመርመር መሬትንና ውሃን ለሚመለከት ባለሙያ ሁሉ ይጠቅማል። የአዋሽ ታሪክ በጥሞና ሲነበብ፣ የጥበቃና የልማት ወገኖች የተጣሉትን ያህል በአንድ ትልቅ ጉዳይ ላይ ተስማምተው እንደ ነበር ያሳያል። ይኸውም ሁለቱም መሬቱን ባለቤት እንደሌለው አድርገው መቁጠራቸው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር አብዛኛው ከዚህ ስምምነት የተወለደ ነው።

የክርክሩ ምንጭ

ወደ አዋሽ ከመውረዳችን በፊት ክርክሩ መልኩን የያዘበትን አንድ የባሕር ማዶ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በፓርኩ ክልል ውስጥ ሄች ሄቺ የሚባል ሸለቆ ይገኝ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1906 በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ከተጎዳች ወዲህ፣ ይህን ሸለቆ ገድባ ውሃ ለመውሰድ የነበራት ፍላጎት በረታ። ጆን ሚዩር የተባሉት የተፈጥሮ ሊቅና የሴራ ክለብ ባልደረቦቻቸው ሸለቆው ሊነካ አይገባም ብለው በብርቱ ተቃወሙ። የአገሪቱ የደን መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ጊፎርድ ፒንቾ ግን ሀብት የሚጠበቀው ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ነው በማለት የግድቡን አሳብ ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ1913 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ሕጉን ፈረሙ፤ ግድቡም በ1923 ተሠርቶ አለቀ።

በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም ያልተነሣ አንድ ነገር ነበር። የዮሰሚቲ ነባር ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1851 በጦር ኃይል ከይዞታው ተገፍቶ ነበር። ፓርክ ፈላጊውም ግድብ ፈላጊውም የተሟገቱት የቀድሞ ባለቤቱ በተባረረበት አገር ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት አሳቦች ወደ ዓለም ተሰራጩ። አንደኛው ሰው የማይኖርበት ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 በተቋቋመው በቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ስም የታወቀው፣ አንድን ተፋሰስ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አድርጎ የማልማት አሳብ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ሁለቱንም በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ተቀበለ።

ወንዙና የወንዙ ሰዎች

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በመካከለኛው ሸለቆ የከረዩና የኢቱ ኦሮሞ፣ ከእነርሱ በታች ደግሞ አፋር፣ ከብት፣ ግመልና ፍየል እያረቡ ኖረዋል። አኗኗራቸው በወቅት የተከፈለ ነው። ዝናብ ሲጥል ከወንዙ ርቀው በሜዳውና በተራራው ግርጌ ይሰማራሉ፤ በጋው ሲጠና ወደ ወንዙ ዳርቻ ይመለሳሉ።

የወንዙ ዳርቻ በስፋቱ ሲለካ ከጠቅላላው ግጦሽ ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ የዓመቱ ክፉ ወራት የሚታለፉት በእርሱ ስለሆነ፣ እርሱ ከተወሰደ የቀረው ሰፊ ሜዳ ከብት ሊያኖር አይችልም። አንባቢ ይህን ነጥብ ልብ እንዲል እንለምናለን፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

መንጋው በሌላ ሥፍራ በሚሰማራበት ወራት ከአዲስ አበባ የወረደ ቀያሽ የወንዙን ዳር ቢያይ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሕጉም ይህንኑ አመለካከት ያጸና ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደንንና የግጦሽ መሬትን ከመንግሥት ንብረት ውስጥ ቆጥሮታል። ስለዚህ አርብቶ አደሩ አባቶቹ የኖሩበትን መሬት ሲለቅ ካሣ የሚጠይቅበት የባለቤትነት ወረቀት አልነበረውም።

የልማቱ ካርታ

በሸለቆው ላይ የመጀመሪያውን ካርታ የዘረጉት የልማት ሰዎች ናቸው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት የወንጂን ሜዳ ተረክቦ ሸንኮራ አገዳ ተከለ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሜዳው ላይ ይኖር የነበረው የጅሌ ኦሮሞ ሕዝብ ሥፍራውን ለቀቀ። በ1952 ዓ.ም. ኢጣሊያ ከከፈለችው የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ አለቀ። ግድቡ ለአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ኃይል ሰጠ፤ ከዚህም በላይ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ስለሚለቅ ከግድቡ በታች ሰፊ የመስኖ እርሻ ማቋቋም የሚቻል ሆነ።

በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ስለ ተፋሰሱ ሰፊ ጥናት አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1965 ውጤቱን አቀረበ። በታችኛው ሸለቆ በተንዳሆ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ ያመርት ጀመር። በመካከለኛውም ሸለቆ በመተሐራ ኤች.ቪ.ኤ. አዲስ የአገዳ እርሻ ከፈተ፤ ፋብሪካው በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ እርሻውም እያደር ከ10,000 ሔክታር በላይ ደረሰ።

የዚህን ሥራ ጥቅም ማቃለል ታሪክን ማዛባት ይሆናል። አገሪቱ ስኳሯን በራሷ ማምረት ችላለች፤ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጥጥ ተገኝቷል፤ ከደጋው ለወረደው ብዙ ሠራተኛም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ለመስኖ የሚመች መሬት የሚገኘው በወንዙ ዳርቻ ነው። የእርሻው ካርታ የያዘውም በትክክል የበጋውን ግጦሽ ነበር።

የጥበቃው ካርታ

ሁለተኛው ካርታ የተነሣው በእነዚያው ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሰር ጁልያን ሀክስሊ የነበሩበት የዩኔስኮ ልዑክ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስለ ዱር አራዊትና ስለ ተፈጥሮ አካባቢ ጥበቃ ምክር ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ ልምድ የነበራቸው ጆን ብሎወር ለመንግሥት የዱር አራዊት አማካሪ ሆነው ሠሩ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ከእርሱ ጋር በዚያው ዘመን ከታወጀው ከሰሜን ተራሮች ፓርክ በቀር፣ ለብዙ ዓመታት በሕግ የጸና ሌላ ብሔራዊ ፓርክ በአገራችን አልነበረም።

ፓርኩ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የፈንታሌን ተራራ፣ የኢላላ ሳላን ሜዳ፣ የአዋሽን ፏፏቴና በሰሜኑ ጫፍ ያሉትን የፍል ውሃ ምንጮች ያጠቃልላል። ሳላ፣ አጋዘን፣ አምበራይሌ፣ የሜዳ ፌቆና ሰጎን ይገኙበታል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውራ ጎዳናና የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በውስጡ ስለሚያልፉ ለጎብኚ የቀረበ ነው። የጥበቃ ሰዎች ድካምም ከንቱ አልቀረም፤ ፓርኩ ባይከለል ኖሮ የኢላላ ሳላ ሜዳ ዛሬ ለሳላ መንጋ መሰማሪያ መሆኑ እጅግ ያጠራጥራል።

ሆኖም ፓርክ ማለት በዘመኑ ትርጉም ሰው የማይኖርበትና ከብት የማይሰማራበት ክልል ማለት ነበር። በክልሉ ውስጥ የገባው ሜዳ ደግሞ ከረዩውና አፋሩ መንጋቸውን የሚያሰማሩበት ነው። እርሻው የወንዙን ዳር ሲይዝ፣ ፓርኩ ከወንዙ ራቅ ያለውን ግጦሽ ያዘ።

በሁለቱ ካርታዎች መካከል

የጥበቃው ሰው አገዳው ወደ ፓርኩ ጥግ ሲጠጋ በሥጋት ይመለከተው ነበር፤ መስኖ ወንዙን እንደሚቀንስ፣ ሠፈራ እንደሚያስከትል፣ አዳኝና እንጨት ቆራጭ እንደሚጠራ ያውቃልና። የልማቱ ሰው በበኩሉ ለም ሊሆን የሚችል ሜዳ ለጥቂት ጎብኚ ደስታ መተው የድሃ አገር ሥራ አይደለም ይል ነበር። ሁለቱም አሳቦች ከእውነት የራቁ አይደሉም።

ክርክሩ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ሲካሄድ ግን ኪሳራው የተመዘገበው በሦስተኛው ወገን ላይ ነበር። ከወንዙ ዳር የተገፋው ከረዩ ከብቱን ይዞ የሚሄድበት ሥፍራ ፓርኩ ብቻ ሆነ። በዚያም ጠባቂው ጠመንጃ ይዞ ቆሞ ያገኘዋል። ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢሄድ ከአፋር ጋር በግጦሽ ይጋጫል፤ አፋሩም ከታች በጥጥ እርሻ እየተገፋ ነበርና። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በአዋሽ ግን የተጎዳው የሣሩ ባለቤትም ጭምር ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። የጥበቃ ሰዎች አርብቶ አደሩን የፓርኩ ጠላት አድርገው ሲቆጥሩት፣ ወደ ፓርኩ የገፋውን ምክንያት ሳይመለከቱ ቀሩ። መንጋውን በሜዳው ላይ ያከማቸው አንዱ ዋና ምክንያት የበጋው ግጦሽ በአገዳና በጥጥ መያዙ ነው። የዱር አራዊቱ ጉዳት ከከብት ዘላኑ ጥፋት ይልቅ የሁለቱ ካርታዎች አለመነጋገር ውጤት ነበር ማለት ይቻላል።

ዕዳው ሲከፈል

የዚህ ሁሉ ፈተና የመጣው በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በተከሠተው ድርቅ ነው። በአፋር ምድር ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ድርቅ ለአፋር እንግዳ አይደለም፤ ቀድሞ ዝናብ ሲቀር የሚሸሸው ወደ ወንዙ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን ከመሸሻው ብዙው በቦይ ተከፋፍሎ ጥጥ በቅሎበታል።

በ1967 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካዎቹና ትልልቆቹ እርሻዎች በመንግሥት ተወረሱ። በየካቲት ወር የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም አርብቶ አደሮች በልማድ ሲሰማሩበት በኖሩት መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው አወቀ። ነገር ግን እርሻዎቹ የመንግሥት እርሻ ሆነው ቀጠሉ እንጂ የወንዙ ዳርቻ ለመንጋ አልተመለሰም። የፓርኩም ወሰን እንደ ነበረ ቆየ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ ካርታዎቹ ግን አልተለወጡም።

ተፈጥሮ ራሷም የራሷን ሒሳብ አቀረበች። በመተሐራ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ ከአካባቢው እርሻ የሚሰርገውን የመስኖ ውሃና የከርሰ ምድሩን ውሃ ለውጥ ያነሣሉ፤ የስምጥ ሸለቆውን የመሬት እንቅስቃሴ የሚጨምሩም አሉ። ጨዋማው ውሃ ግጦሽ አጥለቅልቋል፤ የአውራ ጎዳናውና የባቡሩ ሐዲድ መደልድል ከፍ እንዲል አስገድዷል፤ የአገዳውንም እርሻ አስፈራርቷል። ውሃው በመጠን እየተለካ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ሲደረግ ደግሞ ሥጋቱ ከታች ላሉት የወንዙ ተጠቃሚዎች ደረሰ። ፓርክ፣ እርሻና መንጋ በካርታ ላይ ቢለያዩም ከምድር በታች በአንድ ውሃ የተያያዙ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ለባለሙያ የሚቀረው ትምህርት

ከአዋሽ ታሪክ ተነሥቶ ልማት ይቁም ወይም ፓርክ ይፍረስ ማለት ተገቢ አይደለም። ስኳሩም ሳላውም የአገር ሀብት ናቸው። ስሕተቱ ከሁለቱ አንዱን በመምረጥ ላይ ሳይሆን የሥራው መነሻ በሆነው ጥያቄ ላይ ነበር። የልማቱ ባለሙያ «ይህ መሬት ምን ያበቅላል?» ብሎ ጠየቀ። የጥበቃው ባለሙያ «በዚህ መሬት ላይ ምን አራዊት ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ። «በየካቲትና በግንቦት በዚህ መሬት የሚኖረው ማን ነው? ከዚህ ቢነሣስ ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን ግን በጊዜው የጠየቀና መልሱን በካርታው ላይ ያሠፈረ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ማንሣት የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሙያም ግዴታ ነው። የበጋው ግጦሽ ያልገባበት የመስኖ ጥናት የወጪውን ሒሳብ አጉድሎ ያቀርባል። ከወሰኑ ውጭ ያለው መሬት ለማን እንደ ተሰጠ ያላገናዘበ የፓርክ ዕቅድም የራሱን አጥር ለማፍረስ የሚገደድ ጎረቤት ያፈራል። የቦዩ ውሃ ሲገባ እንጂ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ያልጠየቀ መሐንዲስ የበሰቃን ሐይቅ ሄዶ ማየት ይችላል።

በአገራችን ገና የሚገደቡ ወንዞች፣ ገና የሚከለሉ ዱሮችም አሉ። በእነዚያ ሥፍራዎች ሁለቱ ወገኖች ዳግመኛ መገናኘታቸው አይቀርም። ሲገናኙም ካርታቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት በቦታው ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው ዝናቡንም በጋውንም ቢያዩ፣ የመሬቱንም ነዋሪ ከክርክሩ መጀመሪያ አንሥቶ አብሯቸው ቢያስቀምጡ፣ አዋሽ የከፈለውን ዋጋ ሌላው ሸለቆ እንዳይከፍል ሊያደርጉ ይችላሉ።