ከጣርማ በር እስከ ኮፓካባና

ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮው የኮፓካባና ባሕር ዳርቻ ለኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር ከተሰለፉት ብስክሌተኞች አንዱ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ነበር። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕሩ ዳር ይነሣል፤ በግሩማሪ አራት፣ በቪስታ ቺኔዛ ደግሞ ሦስት ጊዜ ዳገት ያዞራል፤ ተመልሶም እዚያው አሸዋው አጠገብ ያልቃል። ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ኒባሊ ከፊት ሆኖ ሲገሰግስ በመጨረሻው ቁልቁለት ወደቀና ወርቁ የቤልጂየሙ ግሬግ ቫን አቨርማት ሆነ።

ጽጋቡ ሪዮ የደረሰው ቱር ደ ፍራንስ በተጠናቀቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ሰኔ 25 ቀን በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ማሊያ ሲነሣ፣ በታላቁ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የዚያ ዓመት ቱር የጀመረው ባሕር ከሚከበው ሞን ሳን ሚሼል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቀን 188 ኪሎ ሜትር ያበቃውም በኖርማንዲው ዩታ ቢች ነበር። የባሕር በር ለሌለው አገር ልጅ፣ በአንድ ክረምት ይህን ያህል ባሕር!

ነገር ግን ብስክሌተኛ የሚፈተነው በዳገት ነው፤ ዳገት ደግሞ ሰሜን ሸዋ ሞልቶታል። ቱር ደ ፍራንስ የሚረግጠው ከፍተኛው የአስፋልት መንገድ ላ ቦኔት 2,802 ሜትር ነው። የጣሊያኖች መመኪያ ስቴልቪዮ 2,757 ሜትር ላይ ይቆማል። ደብረ ብርሃን ከተማ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ከሁለቱም ይበልጣል። ጣርማ በር ሲደረስ ከ3,000 ሜትር ይታለፋል፤ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚወስደው የመንዝ መንገድ የሚገነጠለውም በዚያ ነው። በወዲያኛው ፊት መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና፣ ከዚያም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ጣርማ በርን የሚያይ ጋላቢ ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። ስለ መርሐቤቴ አይነሣ፤ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ዓለም ከተማ መውጣት ለመኪናም ፈተና ነው።

ታዲያ የመንዝና የግሼ ወጣት በዚህ ስፖርት ለምን አልታወቀም? ብስክሌት ወደዚህ ቀጣና የገባው በባሕር በኩል፣ በምጽዋ አድርጎ አስመራ ነው። የጣርማ በሩን ዋሻ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲፈለፍሉ ያሰቡት ስለ ጭነት መኪናና ስለ ጦር እንጂ ስለ ስፖርት አልነበረም። በዚያው ዘመን እነ ራስ አበበ አረጋይ በመንዝና በመርሐቤቴ ገደላገደል ይዋጓቸው ነበር። በአስመራ ግን ጣሊያኖቹ ውድድር ያዘጋጁ ነበር፤ ኤርትራውያንን ለይተው። እ.ኤ.አ. በ1939 አብረው እንዲወዳደሩ በተፈቀደ ጊዜ ገብረማርያም ገብሩ ጣሊያኖቹን ቀድሞ ገባ።

ከዚያ በኋላ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ፣ ኢትዮጵያ የባሕሩንም የደጋውንም ልጆች ይዛ ወጣች። ሀገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው በሜልቦርን ሲሆን፣ የላከቻቸው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ብቻ ነበር። ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. በብሮድሜዶውስ የተካሄደው የብስክሌት ውድድር ገና ሳይጀመር ታወከ፤ ያልተመዘገቡ አየርላንዳውያን ከተሰላፊዎቹ ጋር ተቀላቅለው ሩብ ሰዓት ገደማ አዘገዩት። በመጨረሻ ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ብቻውን ገባ። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች የፊልም መኪና ከነፋስ ከልሎታል ብለው ቢከሱም ሰሚ አላገኙም። በቡድን ውጤት፣ የሦስት ጋላቢዎች ደረጃ ተደምሮ፣ ፈረንሳይ በ22 ነጥብ እንግሊዝን በአንድ ነጥብ በለጠች። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬና ፀሐዬ ባህታ የያዙት የኢትዮጵያ ቡድን ደግሞ 9ኛ ወጣ። ለጀማሪ ሀገር የሚያኮራ ውጤት ነው፤ ዛሬ ስማቸውን የሚያስታውስ ግን ስንት ነው?

ጥፋቱ የሮም ነው ቢባል ያስኬዳል። በ1952 ዓ.ም. የሮም ኦሊምፒክ የብስክሌቱ ቡድን ውድድር በከባድ ሙቀት ተካሂዶ ዴንማርካዊው ክኑድ ኤነማርክ የንሰን ሕይወቱ አለፈ። ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞችም እዚያው ነበሩ። ጳጉሜን 5 ቀን ግን የሰሜን ሸዋው የጃቶ ተወላጅ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ። ከዚያ ምሽት በኋላ የደጋ ልጅ ሮጦ እንጂ ጋልቦ ዓለምን ያሸንፋል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። በጫማ እንኳ ያልተገደበን ስፖርት ከውድ ብስክሌት ጋር ማወዳደርም አግባብ አይደለም። በቶኪዮና በሜክሲኮ ኢትዮጵያን ወክለው የጋለቡት እነ የማነ ነጋሲ የአስመራ ልጆች ነበሩ።

የአስመራው ዘር ዛሬም አላቋረጠም። በ2007 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በዳገት የሚመራው የሚለብሰውን የቱሩን ነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፓሪስ ለኦሊምፒክ ስትሰናዳ ቱሩ ከፍሎረንስ ተነሥቶ በኒስ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሲያልቅ፣ የአገሩ ልጅ ቢንያም ግርማይ ሦስት ዕለታዊ ድሎችን አስመዝግቦ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ።

የዓለም ሻምፒዮና ወደ አፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው፤ ኪጋሊ ላይ። የወንዶቹ 267.5 ኪሎ ሜትር ውድድር በታዴ ፖጋቻር ድል ሲጠናቀቅ መጨረሻው መስመር የደረሱት 30 ብቻ ናቸው። ከፍታው አደከመን ያሉ ነበሩ። ኪጋሊ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለመሐል ሜዳ ሰው ቆላ መውረድ ነው።