ሁለቱ ዓመት የት ገባ?

በአሜሪካ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ነርስነት ተምሮ ዲግሪውን ለመጨረስ ወደ ሌላ ኮሌጅ የሚዛወር ተማሪ፣ የተማረው ሁሉ ላይቆጠርለት ይችላል። ለምን? እስቲ ታሪኩን እንጠይቅ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነርስ እጥረት ጠንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ሚልድሬድ ሞንታግ የተባሉ ምሁር አዲስ ሐሳብ አመጡ፤ ነርሷ ለሆስፒታል ጉልበቷን እየሰጠች ሦስት ዓመት ከምትማር፣ ኮሌጅ ገብታ በሁለት ዓመት ትሠልጥን አሉ። በ1952 ሰባት ኮሌጆች የገቡበት ሙከራ ተጀመረ፤ ሠመረም። ግን ልብ ይሏል፤ ትምህርቱ በራሱ ሙሉ እንዲሆን እንጂ ለአራት ዓመቱ ዲግሪ መወጣጫ እንዲሆን አልታቀደም።

በ1965 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር፣ ለሙያው ዝቅተኛው ደረጃ የአራት ዓመት ዲግሪ ይሁን አለ። በ2017 የወጣው የኒው ዮርክ ሕግ ደግሞ አዳዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪውን እንዲይዙ አዘዘ።

እንግዲህ መስፈርቱ ሲያድግ በኮሌጆቹ መካከል ያለው መንገድ እኩል አልተጠረገም። ኮሌጆቹ ከተስማሙ ኮርሱ ይቆጠራል፤ ካልተስማሙ ያንኑ ኮርስ ዳግም ከፍሎ መማር ነው። ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር፣ እዚያ ላሉት ለብዙ ወገኖቻችንም፣ ይሄ ቀላል ዕዳ አይደለም። ስለዚህ «ተማሪው ዘገየ» ከማለታችን በፊት፣ ያዘገየውን ሥርዓት እንመርምር እንላለን።