ከዕቃ ዕቃ ጨዋታ እስከ አቃል፤ ስለ ትንንሽ ቤቶች ታሪክ

የሰው ልጅ ቤት ሠርቶ መኖር ከጀመረ ወዲህ፥ የቤቱን ምስል አሳንሶ መሥራትንም አልተወም። ትልቁ ቤት ከፀሐይና ከዝናም መጠለያ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ትንሹ ቤት ግን ለምን ይጠቅማል ተብለን ብንጠየቅ፥ ብዙዎቻችን «ለልጆች መጫወቻ ነዋ!» ብለን ፈጥነን እንመልሳለን። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ትንሹ ቤት የልጅ መጫወቻ፥ የባለጸጋ መኵራሪያ፥ የሙታን ስንቅ፥ የሴት ልጅ ትምህርት ቤት ሆኖ ያገለገለ ዕቃ ነው። በዘመናችን ደግሞ፥ ከጅግጅጋ እስከ ሽንሌና እስከ አይሻ ባለው አገር፥ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ሥራ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ለማስረዳት ይህን አጭር ጽሑፍ ለአንባብያን አቅርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በተለይ ካልገለጽን በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ከራሳችን ደጅ እንነሣ። በአገራችን «ዕቃ ዕቃ» ያልተጫወተ ሰው ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለንም። ልጆች በግቢው ጥግ ድንጋይ ደርድረው እልፍኙንና ጓዳውን ይለያሉ፤ የተሰበረው ገል ምጣድ፥ አፈሩ ዱቄት፥ ቅጠሉ ጐመን፥ የቆርቆሮው ክዳን ብረት ድስት ይሆናል። ወንዶቹም ከጭቃ በሬ ጠፍጥፈው ያርሳሉ፥ ይነግዳሉ፥ እንግዳም ሆነው ይመጣሉ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ መምህርም መጽሐፍም የለም፤ ሆኖም ልጁ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ፥ ምን ከምን አስቀድሞ እንደሚሠራ፥ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ስፍራው የት እንደ ሆነ የሚማረው ከዚያው ነው። እንግዲህ ዕቃ ዕቃ የቤት ሥርዐት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት የመጀመሪያው መንገድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ጥንቱ ዘመን መለስ ብንል፥ በግብጽ አገር ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት መከትሬ የሚባል ታላቅ ሹም ነበረ። ኸርበርት ዊንሎክ የተባለው አርኪኦሎጂስት በ1920 በቴብስ መቃብሩን ሲመረምር፥ በአንድ ስውር ክፍል ውስጥ ከእንጨት የተሠሩ 24 ያህል ትንንሽ ምስሎች አገኘ። ከነዚህም ውስጥ እህል የሚከማችበት ጐተራ፥ እንጀራ የሚጋገርበትና ጠላ የሚጠመቅበት ቤት፥ ሸማኔዎች የሚሠሩበት ክፍል፥ ኩሬና ዛፎች ያሉበት የአትክልት ስፍራ ይገኙባቸዋል። ዛሬ ከፊሉ በካይሮ፥ ከፊሉ በኒው ዮርክ ሙዚየም ተቀምጦ ይታያል። ግብጻውያኑ ይህን የሠሩት ለጨዋታ ሳይሆን፥ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም እንዳይቸገር ነበር። እኛን የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። ነገሥታቱ በድንጋይ ላይ ያስጻፉት ስለ ጦርነትና ስለ ግብር ሲሆን፥ ሴቲቱ እህሉን እንዴት እንደ ፈጨች፥ ሸማኔው በምን እንደ ሸመነ በጕልህ ያሳዩን እነዚህ ትንንሽ ምስሎች ናቸው።

በአገራችንም በአክሱም አጠገብ በምትገኘው በሐውልቲ በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በተደረገው ቍፋሮ፥ ከሸክላ የተሠሩ የቤት ምሳሌዎች ተገኝተዋል። የአክሱም ሐውልቶችም ቢሆኑ በሌላ አነጋገር የቤት ምስሎች ናቸው። ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሲሆን፥ በሩና መስኮቱ ተቀርጾበት 13 ፎቅ ያለው ሕንጻ መስሎ ይታያል። የአክሱም ሰው የቤቱን መልክ ለዘላለም ለማቆየት በፈለገ ጊዜ አንዳንዴ በሸክላ አሳነሰው፥ አንዳንዴም በድንጋይ አገዘፈው። የእንጨቱ መቃንና የመስኮቱ አሠራር በጥንት ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ ዛሬ ሊቃውንት የሚመረምሩት እነዚህኑ ምስሎች ነው።

በአውሮፓ የአሻንጉሊት ቤት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከባቫርያው መስፍን ከአልብረኽት 5ኛ ነው። መስፍኑ በ1557 እና በ1558 ያሠራው ትንሽ ቤተ መንግሥት የሀብቱ መግለጫ እንጂ የልጅ መጫወቻ አልነበረም። በኑረምበርግ ከተማ ግን አና ኮፈርሊን የተባለች ሴት በ1631 አንድ የአሻንጉሊት ቤት አዘጋጅታ ለሕዝብ አሳየች፤ ዓላማዋም ልጆች የቤት አያያዝን አይተው እንዲማሩ ነበር። በአምስተርዳም ፔትሮኔላ ኦርትማን የተባለች የባለጸጋ ሚስት ከ1686 ገደማ ጀምሮ ያሠራችው ቤት፥ ሸክላው ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፥ ቅርጫቱና የብር ዕቃው በየባለሙያው የተሠራ በመሆኑ፥ ወጪው አንድ እውነተኛ ቤት የሚያሠራ ነበር ይባላል። የእንግሊዝ ንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት ከ1921 እስከ 1924 በታላቁ መሐንዲስ በኤድዊን ለትየንስ ፕላን ተሠርቷል። የዚህ ቤት መጠን ከእውነተኛው አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ነው፤ በቺካጎ ሙዚየም የሚገኙት 68ቱ የቶርን ክፍሎችም በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ይህንኑ ልክ ነው።

በአገራችን እጅግ የታወቁት ትንንሽ ምስሎች በጐንደር አጠገብ በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ይሠሯቸው የነበሩት ናቸው። የምትፈጭ ሴት፥ አንበሳ፥ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በእነዚያ እጆች ተቀርጸው በጐብኚዎች አማካይነት ወደ ብዙ አገር ሄደዋል። አብዛኞቹ ሠሪዎች በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል አገር ከተጓዙ በኋላ፥ ያ የመንደር ኑሮ ከስፍራው ቢጠፋም በትንሹ ምስል ላይ ይነበባል። ነገራችን ወደ ጅግጅጋ የሚሻገረውም በዚህ ድልድይ ነው።

ጅግጅጋ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የነጋዴ መንገድ ማረፊያ ሆና በ1842 በጽሑፍ ተጠቅሳ ትገኛለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርተ ዓመታት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገዥዋ በነበሩ ጊዜ በፕላን እንድትቀየስ አድርገዋል። በሰሜኑም የባቡር ሐዲድ በአይሻና በሽንሌ አልፎ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። እንግዲህ በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ቤት ጐን ለጐን ኖሯል ማለት ነው፤ አንደኛው በተቀየሰ መንገድ ዳር የቆመው የከተማ ቤት፥ ሁለተኛው ደግሞ ዝናሙንና ሣሩን ተከትሎ የሚጓዘው የአርብቶ አደሩ ቤት፥ በሶማልኛ አጠራር አቃል።

የአቃል ሠሪዋም ባለቤቷም ሴት ናት። ሙሽራ ስትዳር እናቷና ሴቶች ዘመዶቿ ተባብረው የቤቷን ምንጣፍ ይሠሩላታል፥ አቃሏንም ይተክሉላታል። የቤቱ አጥንት ዲጎ የሚባለው ጐባጣ እንጨት ነው፤ ለዚህም ገሎል ከሚባለው የግራር ዓይነት የሚገኘው ሥር ተመራጭ ነው፤ እንደ ቀስት ሲለመጥ አይሰበርምና። በዲጎው ላይ ከልጥና ከሣር የተሠራ ኬበድ የሚባል ምንጣፍ ይደረብበታል፤ ገመድም ይጠመጠምበታል። ምስማር የለበትም፥ መሠረትም የለውም። ሰፈሩ በሚነሣበት ጊዜ ሴቶቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፈትተው በግመል ይጭኑታል። እጅግ የሚደንቀውም፥ ቤቱን አቁሞ የነበረው ያው ዲጎ በግመሉ ጀርባ ላይ ሲታሰር የጭነት ኮርቻ መሆኑ ነው፤ ምንጣፉ የግመሉን ጀርባ ከመላላጥ ይጠብቃል፥ የወተቱና የውሃው ዕቃ በጐባጣው እንጨት መካከል ይቀመጣል፥ ሕፃናትም ከላይ ይጫናሉ። ቤቱ ሰውን ይሸከም እንደ ነበረ፥ በጉዞ ላይ ግመሉ ቤቱን ይሸከማል።

በውስጡ ያለው ዕቃም ሁሉ ለጉዞ የተሠራ ነው። ሃን የሚባለው ትልቁ፥ ዲል የሚባለው አነስተኛው የወተት ዕቃ ከሥር ጭረት ተጐንጕኖ ፈሳሽ እንዳያሳልፍ ሆኖ ይሠራል፤ ደገኛዋ እናት የወተቱን ቅል በወይራ እንደምታጥን ሁሉ፥ የሶማሌዋም እናት ዲሏን በጢስ ታጥናለች። ከሠርግ ዕቃዎች መካከል ደግሞ ከርእሳችን ጋራ እጅግ የሚቀራረበው ሔዶ ነው። ሔዶ በቅቤ የደረቀ ሥጋና ቴምር የሚሞላበት ዕቃ ሲሆን፥ ራሱ ሙሽራ መስሎ በጨርቅ ይለብሳል፥ ይሸለማል፥ ውስብስብ በሆነ ገመድም ይታሰራል። ከሠርጉ በኋላ የወንዱ ወገኖች ገመዱን ሳይቈርጡ በብልኀት እንዲፈቱት ይጠየቃሉ። ትርጕሙን ለሚያስተውል፥ «የሰጠናችሁን ልጅ በትዕግሥትና በክብር ያዙ» የሚል የቤተሰብ ምክር ነው። ስለዚህ የአሻንጉሊት ሙሽራ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚህ አገር በትልልቅ ሰዎች ጉባኤ መካከል በክብር የሚቀመጥ ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በ1988 ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በጅግጅጋ አቅራቢያ በሐርቲሼክ በሰፈረ ጊዜ፥ ቍጥሩ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። መጠለያው እስከ ተዘጋበት እስከ 2004 ድረስ፥ ሴቶቹ ያገኙትን ቀጭን እንጨት በአቃል ቅርጽ ጐብጠው በኬበድ ፈንታ ጨርቅና ፕላስቲክ ያለብሱት ነበር። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2023 በተከታታይ ዝናም በመቅረቱ የደረሰው ድርቅ ደግሞ ብዙ ከብትና ግመል ፈጀ። ግመል ያለቀበት ቤተሰብ የሚጓዝ ቤት አያስፈልገውም፤ በከተማው ዳር ይሰፍራል። ሃንና ዲል የነበሩበትንም ስፍራ የፕላስቲክ ጀሪካን ወስዶታል።

እኛ ይህን የምንጽፈው ቆርቆሮ ቤትን ለመንቀፍ አይደለም። ልጆቿ ትምህርት ቤት እንዲገቡላት፥ ሐኪም ቤትም እንዲቀርባት የምትፈልግን እናት «ለእኛ መታሰቢያ ስትይ በአቃል ኑሪ» ማለት ተገቢም ቅን ነገርም አይደለም። ኑሮ ይለወጣል፤ መለወጡም ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው፥ ቤቱ ሲለወጥ የቤቱ ዕውቀት ያለ ወራሽ መቅረቱ ላይ ነው። የትኛው ሥር እንደሚለመጥ፥ ልጡ እንዴት እንደሚለሰልስ፥ የትኛው እንጨት አስቀድሞ እንደሚተከል የሚያውቁት አሮጊቶች ናቸው፤ ዕውቀታቸውም በእጃቸው እንጂ በወረቀት ላይ አይደለም።

ትንሹ ቤት የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ትልቁን አቃል በየትምህርት ቤቱ መትከል ቦታም ገንዘብም ይጠይቃል። አሳንሶ መሥራት ግን የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አንድ ዐሥራ ሁለተኛውን ልክ ብንከተል፥ 2 ሜትር ቁመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው አቃል ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር፥ ስፋቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በአንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ለዲጎው ቀጭን ሥር እርጥብ ሳለ ጐብጦ፥ ታስሮ እስኪደርቅ መጠበቅ ይበቃል። ለኬበዱም ያው ልጥ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ይጐነጐናል። በመዝገብና በማኅተም መካከል ለምንውል ለእኛ ለቢሮ ሰዎች እንኳ፥ ለእጅም ለአእምሮም ዕረፍት የሚሰጥ ሥራ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥብቅ ሕግ ሊኖር ይገባል። የአውሮፓው የአሻንጉሊት ቤት ፊቱ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል፤ እርሱ ባለበት የሚኖር ቤት ምስል ነውና በሙጫ ቢጣበቅ በምስማርም ቢመታ አይነቀፍም። አቃል ግን እንዲህ አይደለም። በሙጫ ተጣብቆ የቆመ ትንሽ አቃል የአቃሉን መልክ እንጂ ሥራውን አያሳይም። የትንሹ አቃል ፈተናው ተፈትቶ በትንሽ የእንጨት ግመል ላይ መጫን መቻሉ፥ እንደ ገናም መተከሉ ነው። ይህን ፈተና ያለፈውን አቃል የሠራች ልጅ፥ የአያቷን ዕውቀት በእጇ ተቀብላለች ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውም ሕግ ከዚያው ከአልብረኽት ቤት ታሪክ የሚገኝ ነው። የመስፍኑ ትንሽ ቤተ መንግሥት በ1674 በእሳት ጠፋ ይባላል። ሆኖም በ1598 የሀብቱ ዝርዝር በተመዘገበ ጊዜ ያ ቤት ከነክፍሉ ከነዕቃው ተጽፎ ነበርና፥ ምን ይመስል እንደ ነበር እስከ ዛሬ ይታወቃል። ቤቱን እሳት በላው፤ መዝገቡ ግን ቀረ። እኛም ትንሹን አቃል በሠራን ጊዜ የእያንዳንዱን ክፍል ስም በሶማልኛና በአማርኛ፥ የእንጨቱን ዓይነት፥ አሠራሩን ያስተማረችውን እናት ቃል ጨምረን ብንጽፍ፥ ምስሉ ቢሰበር እንኳ ትምህርቱ አይሰበርም።

ይህን ዓይነቱን ሥራ ለማከማቸት ስፍራም ልማድም አለ። በ1963 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፥ በሙዚየሙ የሕዝባችንን ኑሮ ከሕፃንነት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል። ከአገር የወጡት ሶማሌዎችም ባቋቋሙት፥ በ2013 በሚኒያፖሊስ ከተማ በተከፈተው ሙዚየም፥ በባዕድ አገር የተወለዱ ልጆች የአያቶቻቸውን አቃል እንዲያዩ ተደርጓል። በአትላንቲክ ማዶ ያለ ልጅ አቃልን ሲያውቅ፥ ገሎሉ በሚበቅልበት አገር ያለ ተማሪ ሳያውቀው ቢቀር እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ስለዚህ በጅግጅጋ፥ በቀብሪ በያህ፥ በአውበሬ፥ በሽንሌና በአይሻ ያላችሁ መምህራን ሆይ፤ የእጅ ሥራ ትምህርት ሰዓት በደረሰ ጊዜ፥ ከመንደሩ አንዲት አሮጊት እናት ጠርታችሁ በክብር ወንበር ላይ አስቀምጧት። ልጆቹ ሥሩንና ልጡን ይዘው በዙሪያዋ ይቀመጡ፤ እርሷ ትናገር፥ እነርሱ ይሥሩ፥ ከመካከላቸውም ጽሕፈቱ ያማረለት ይጻፍ። ትንሹ ቤት ሲቆም የሚያስተናግደው ሰው ባይኖርም፥ ብዙ ትውልድ ያጠራቀመው ጥበብ በውስጡ ያድራል።